የድርጅቱ ኢሜይል በማን እጅ ነው?

ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ መብራት ሲይዛችሁ የታፔላዎችን የታችኛውን መስመር አንብቡ። የድርጅቱ ስም በትልቁ፣ ስልኩ ከሥሩ፣ ከዚያ በትንንሽ ፊደል ኢሜይሉ። ከአሥሩ ስንቱ በጂሜይል ወይም በያሁ እንደሚያልቅ ቁጠሩልኝ። አስመጪና ላኪው፣ የግል ክሊኒኩ፣ በሚሊዮን የሚያንቀሳቅሰው ተቋራጭ፣ አብዛኛው የደንበኛ ደብዳቤ የሚቀበለው በአንድ ሰው ስም በተከፈተ ነጻ አካውንት ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀች ጸሐፊ ናት፤ ካልሆነም «ኮምፒውተር ይችላል» የተባለ የዘመድ ልጅ ነው።

በእኛ ቤተሰብ ያ የዘመድ ልጅ እኔ ነኝ። እንጀራዬ ጽሑፍ ነው፤ ለጋዜጣም ለድረ ገጽም እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ግን ላፕቶፕ አንግቶ የሚዞር ሰው ሁሉ በዘመድ ዓይን መሐንዲስ ነው። አጎቴ የሚያስተዳድራትን ትንሽ የአስጎብኚ ድርጅት ኢሜይል ወደ ክላውድ የማዛወር ሥራ ባለፈው ዓመት እኔ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዝውውሩ ራሱ የቅዳሜ ማታና የእሑድ ሥራ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ጣጣ ግን አራት ወር ፈጀ። ልነግራችሁ የፈለግሁት በተለይ ስለነዚህ አራት ወራት ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስጨንቅ ልናገር። የአስጎብኚ ሥራ በደብዳቤ የሚኖር ሥራ ነው። ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ማሳለፍ የሚፈልግ ጀርመናዊ ወይም ጣሊያናዊ ከብዙ ወራት በፊት ይጽፋል። የቀን ዋጋው፣ መኪናው፣ አስጎብኚው፣ የአገር ውስጥ በረራው፣ ቅድመ ክፍያው፣ ሁሉም በኢሜይል ነው የሚጨረሰው። ውል ብለን የምንጠራው ነገር ከእነዚህ ደብዳቤዎች ውጪ የለም። በ2012 ኮቪድ መጣ፤ ኮቪዱ ሳይወጣልን በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም የሚባለው መስመር ተዘጋ። አጎቴ መኪና ሸጠ፤ ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉን አሰናበተ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም በማግሥቱ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ለድሮ ደንበኞቹ መጻፍ ነበር። አድራሻቸው የት ነው ያለው? በአንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ፣ አውትሉክ የሚባለው ፕሮግራም ባጠራቀመው አንድ ፋይል ላይ። አሥራ አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ነው። የድርጅቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ትውስታ በዚያ ፋይል ውስጥ ነበር። መብራት መጥቶ ሲሄድ ያ ኮምፒውተር ሲንቋቋ ብትሰሙ እናንተም ትሳቀቁ ነበር።

ድርጅቱ የራሱ ዶሜይን ነበረው፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ኢሜይሉ ግን ድረ ገጹ የተቀመጠበት ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ነበር የሚያርፈው። በአንድ ሰርቨር ላይ መቶዎች ሆነው የሚጋሩት ዓይነት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሁለት ችግር አለው። አንደኛ ጠባብ ነው። ቦታው ሲሞላ የሚመጣው ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል፤ ለተቀባዩ ማንም አይነግረውም። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። ከመቶዎቹ ተጋሪዎች አንዱ ቆሻሻ መልእክት ሲረጭ የሰርቨሩ አድራሻ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ አብሮ የእናንተም ደብዳቤ ይጠረጠራል። በዚያ ላይ ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ላኪዎች ማንነታቸውን በቴክኒክ እንዲያረጋግጡ የሚጠይቅ ደንብ አጠበቁ። የእኛ ዶሜይን ያንን ማረጋገጫ በአግባቡ አልያዘም ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ሙኒክ ያለ የቆየ ደንበኛ በዋትሳፕ «ሦስት ጊዜ ጻፍኩላችሁ፣ ሥራ አቁማችኋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም ጊዜ ተመልሶለታል። መልሶቹ ያሉት የእሱ የስፓም ሳጥን ውስጥ ነው።

አጎቴ የጠራኝ ያን ዕለት ነው። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር እስከ መቼ?» አለኝ። «ጋሼ፣ ቤት መቀየር አለብን» አልኩት። ክላውድ የሚባለውን ነገር ሳስረዳው ትንሽ አሰበና «ደመና ስትል ዝናብ ያለው ነው ወይስ እንደ በልግ አታላይ ነው?» ብሎ ሳቀ። ጥያቄው ግን የቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኢሜይል እንዴት እንደሚዛወር በፖስታ ሳጥን ልግለጸው። ዶሜይናችሁ ስማችሁ ነው። በዓለም ላይ ዲኤንኤስ የሚባል የስሞች መዝገብ አለ። እዚያ መዝገብ ላይ በስማችሁ ትይዩ ኤምኤክስ የሚባል አንድ መስመር ይጻፋል፤ «የእነ እገሌ ደብዳቤ በዚህ ሳጥን ይግባ» የሚል። ኢሜይል ማዛወር ማለት በመሠረቱ ያቺን መስመር መቀየር ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ አራት ወሩን ምን በላው? መዝገቡን ለመቀየር የመዝገቡ ቁልፍ ሊኖራችሁ ይገባል። እኛ ዘንድ ቁልፉ አልነበረም።

ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ዶሜይኑን ያስመዘገበው በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ካርድ ነው። ክፋት አልነበረበትም። ያኔ ከዚህ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ብርቅ ነበር፤ እሱ ከፈለ፣ አጎቴ በብር መለሰለት፣ ተጨባበጡ፣ አለቀ። ልጁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ካናዳ ሄደ። በየዓመቱ ዶሜይኑ የሚታደሰው የእሱ ካርድ ላይ እየተቆረጠ ነው፤ አጎቴም በየዓመቱ ለእናቱ ብሩን ያደርስ ነበር። አስቡት እስቲ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ድርጅት ስም የቆመው በአንድ ልጅ ታማኝነትና በእናቱ ቤት በሚደርስ ፖስታ ላይ ነው። ልጁ ካርድ ቢቀይርና ቢረሳ ስሙ ለገበያ ይወጣል። ቢቀየም ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ልጁን በቴሌግራም አገኘሁት። ጨዋ ነው፤ «እንዲያውም ከላዬ ላይ አንሱልኝ» አለ። የድሮው ኢሜይሉ ግን ተዘግቶበታል፤ የዶሜይን መዝጋቢው ድርጅትም ማረጋገጫ የሚልከው ወደዚያው ወደ ተዘጋው ነው። መታወቂያ ላክ፣ የድሮ የክፍያ ማስረጃ ላክ፣ ጠብቅ። ስሙ ወደ አጎቴ ከዞረ በኋላ ደግሞ የባለቤት ለውጥ ሲደረግ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዘዋወር የሚያግድ የ60 ቀን መቆለፊያ እንዳለ ተነገረን። ስለዚህ መዝጋቢውን መቀየር ትተን እዚያው አካውንት አስከፈትን። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰሙነ ሕማማት አልፎ ክረምት ገብቷል። ለማንኛውም አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ቢፈቀድልኝ ይቺን ነው፤ የድርጅታችሁ ዶሜይን በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ዛሬ ማታ ጠይቁ። ድረ ገጹን የሠራላችሁን ልጅ ሳታስቀይሙ፣ ቡና ጋብዛችሁ ጠይቁ።

የትኛው አገልግሎት ይሻላል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሦስት ነበር ያየነው። የማይክሮሶፍቱ አውትሉክና ኤክሴል ለለመደ ቢሮ ይስማማል። የሕንዱ ዞሆ ከሁሉም ይረክሳል፤ በሰው በወር ከአንድ ዶላር ገደማ ይጀምራል፤ ጠባብ በጀት ላለው እኔ እሱን ነው የምመክረው። እኛ የጎግልን መረጥን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሾፌሩም አስጎብኚውም ስልኩ ላይ ጂሜይል ስላለው ሥልጠና አያስፈልግም። በሰው በወር ሰባት ዶላር ገደማ ነው። ዘጠኝ ሠራተኛ አለ ብሎ ዘጠኝ መግዛት ግን አያስፈልግም። «ኢንፎ»፣ «ቡኪንግ» የሚባሉት አድራሻዎች ሰው አይደሉም፤ እነሱን የጋራ ቡድን አድርጎ ደብዳቤው ለሚመለከታቸው ሰዎች እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ስድስት ሰው በቃን።

ስድስት ሰው በሰባት ዶላር በዓመት 504 ዶላር ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ 29 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ 130 ብር ብለን ብናሰላ ከ65 ሺህ በላይ ነው። አገልግሎቱ ያው፣ ደብዳቤው ያው፣ ሂሳቡ ከእጥፍ በላይ። ክላውድ ሲሰብኩን ይህን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው አልገጠመኝም። የገዛ ሰርቨር ያለው ሰው አንዴ ይገዛል፤ ክላውድ የገባ ሰው ግን በየወሩ በውጭ አገር ገንዘብ ተከራይ ነው። በዚህ ላይ ኪራዩ በአከራዩ ፈቃድ ይለወጣል። ጎግል ለትንንሽ ድርጅቶች በነጻ ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ማብቂያ ላይ ለአዲስ ገቢ ዘጋ፤ በ2022 ደግሞ በነጻ ሲጠቀሙ የቆዩትን ድርጅቶች ወደ ክፍያ አዛወረ።

አከፋፈሉስ? መጀመሪያ የታሰበው እንደ ልማዳችን ነው። የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ናት፣ ካርድ አላት፣ ትክፈል። ያለ ችግር ትከፍላለች፤ ግን ከዶሜይኑ ልጅ ታሪክ በምን ተለየ? ካርዷ ጊዜው ሲያልፍ የድርጅቱ ኢሜይል ይቆማል ማለት ነው። ነገሩን የቋጨችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። «ደረሰኝ የሌለው ወጪ ገቢዎች አይቀበለኝም፤ የሜሪላንድ ካርድ መግለጫ ይዤ ልቅረብ እንዴ?» አለች። ልክ ናት። በመጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎቱን በብር ከሚሸጥ አንድ ድርጅት ገዛን። ትንሽ ይወደዳል፤ ደረሰኝ አለው። ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ካርዷ ሳይሆን ስሟ ገባ። ከአጎቴ ቀጥሎ ሁለተኛ አስተዳዳሪ እሷ ሆነች። ለምን እንደሆነ ኢንተርኔት መዝጋት ላይ ስደርስ ይገባችኋል።

ቁልፉ ከተገኘ፣ ክፍያው ካለቀ በኋላ ጽዳት ጀመርን። በአሮጌው ሆስቲንግ ላይ ያሉትን አድራሻዎችና የማስተላለፊያ ትእዛዞች አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ ነበር። ማስተላለፊያ ማለት «ወደዚህ የሚመጣ ደብዳቤ ቅጂ ወደዚያም ይሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። «ኢንፎ» ላይ አንድ ማስተላለፊያ አገኘሁ። የሚልከው ወደ አንድ የግል ጂሜይል ነው። ጂሜይሉ የቀድሞ ሠራተኛ ነው። ያ ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በፊት ለቅቆ የራሱን አስጎብኚ ድርጅት ከፍቷል።

ለአጎቴ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሽማግሌ ሆኜ የላከኝ ልጅ ነው» አለ። «ሚስቱን የጠየቅሁለት እኔ ነኝ።» ሌላ አልተናገረም። እኔ በጋዜጠኛ ጭንቅላቴ ሦስት ዓመት ስንት የዋጋ ጥያቄ፣ ስንት የደንበኛ ስም፣ ስንት የፓስፖርት ቅጂ ወደዚያ ሳጥን እንደፈሰሰ አሰላለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ደወለልኝ። ሌሊቱን ሲያስታውስ አድሮ ነበር። በ2008 ልጁ ደንበኛ ይዞ ደናክል ሲወርድ፣ ከመመለሱ በፊት አዲስ ጥያቄ ቢመጣ ኔትወርክ ያገኘበት ቦታ ላይ ስልኩ ላይ እንዲያየው፣ ማስተላለፊያው እንዲገባ ያዘዘው አጎቴ ራሱ ነው። ሥራው አለፈ፣ ልጁ ለቀቀ፣ ትእዛዙ ግን እዚያው ቀረ። ሰርቨር ሠራተኛ መልቀቁን አያውቅም። አጎቴ ልጁን ጠርቶ አነጋገረው። ልጁ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው፤ ከለቀቅሁ ወዲህ ከፍቼ አላየሁም፣ ለብቻው ወደ አንድ ፎልደር ነው የሚሄደው» አለ፤ ያንን ፎልደር በፊታችን አጠፋው። አጎቴ አመነው። እኔም አመንኩት፤ ግን ማመናችን ምን ላይ እንደቆመ ተመልከቱ። ማንም ያላጠፋው ነገር ነው፣ ሆኖም የሦስት ዓመት የሰው ፓስፖርት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኛን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሕጉ ባይኖርስ? ያቺ ሚላን ያለች አሮጊት ፓስፖርቷን የላከችው ለአጎቴ ነው።

በዚህ አላበቃም። የ«ኢንፎ» ፓስወርድ አንድ ነበር፤ አራት ሰው ይጋራዋል፤ የድርጅቱ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ነው። ከተከፈተ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። በቡና ላኪዎችና በአስጎብኚዎች ዘንድ የሚፈራው ሌብነት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሌባው ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ አይሰርቅም፤ ቁጭ ብሎ ያነባል። ቅድመ ክፍያ የሚጠየቅበት ቀን ሲደርስ በእናንተ ስም፣ በእናንተ አጻጻፍ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህ አስገቡ» ብሎ ይጽፋል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ መንገድ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደጠፋ አቤቱታ ደርሶታል። ይህ የተቆጠረው ነው። ስለዚህ አዲሱ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይገባል፤ ከፓስወርድ ሌላ ስልክ ላይ የሚወጣ ቁጥር ይጠየቃል። ለደንበኞችም በእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ «የባንክ ሒሳባችን መቀየሩን በኢሜይል ብቻ አንገልጽም፤ ደውሉ» የሚል መስመር ገባ። ከሁሉም ቴክኖሎጂ ይበልጥ የምተማመነው በዚያች መስመር ነው።

አሁን ስለ ጸሐፊዋ። ቢሮው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው። ድርጅቱ ሲከፈት ጀምሮ አለች። የሚመጣውን ጠቃሚ ደብዳቤ ሁሉ አትማ በቦክስ ፋይል ታስቀምጣለች፤ ጀርባው ላይ ዓመትና አገር ይጻፍበታል። «እትዬ፣ ምንም አይጠፋም፣ ያው የለመዱት ፎልደር እንዳለ ነው የሚመጣልዎት» ስላት «ልጄ፣ እኔ አይደለሁም የምጠየቀው፤ ከጠፋ አንተ ነህ» አለችኝ። የድሮው ኮምፒውተር ፋይል ሲመረመር የ2011 ዓ.ም. ሦስት ወር ጎድሎ ተገኘ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነበርና። እትዬ ተነስታ ከመደርደሪያ ሁለት ቦክስ ፋይል አወረደች። ሙሉ ነው። አንድ ልጅ ተቀጥሮ በሁለት ቀን ስካን አደረገው። አሁንም እያተመች ነው፤ ማንም አቁሚ ያላት የለም።

ዝውውሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ የሚሞክር ካለ ይጠቅመዋል። አንድ ሳምንት ቀድመን የሁሉንም ሰው አካውንት አዲሱ ቤት ውስጥ ከፈትን። አሮጌው ሰርቨር ላይ ያለውን ደብዳቤ አይማፕ በሚባለው መንገድ ወደ አዲሱ መቅዳት ጀመርን። የእትዬን አሥራ አንድ ጊጋ ባይት ግን ከቢሮው መስመር መስቀል ሌላ ትግል ነው፤ ሌሊት ሌሊት አምስት ቀን ፈጀ፤ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፤ ደግነቱ ከቆመበት ይቀጥላል። ሐሙስ ቀን መዝገቡ ላይ ያለችውን ቲቲኤል የምትባል ቁጥር ቀነስን። ይህች ቁጥር ዓለም የድሮውን አድራሻ ስንት ሰዓት ይዞ እንደሚቆይ ትናገራለች፤ አራት ሰዓት ነበረች፣ አምስት ደቂቃ አደረግናት። ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ የአውሮፓ ቢሮዎች በተዘጉበት፣ ኤምኤክሱን ቀየርን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ በአዲሱ ቤት ገባች። አንድ የሆቴል ማስታወቂያ ናት። አጎቴ ግን ከሜሪላንድ እስከ ፒያሳ ደውሎ አበሠረ።

ማንነት ማረጋገጫዎቹን፣ ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉትን፣ ወዲያው አስገባን። ስለ ኤስፒኤፍ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ መስመሩ በአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ መሆን አለበት። አሮጌውን ሳያነሱ አዲስ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ሁለት ሲሆን ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ።

ሰኞ ጠዋት ድረ ገጹ ላይ ያለውን «ያነጋግሩን» የሚል ቅጽ ራሴ እንደ ቱሪስት ሆኜ ሞላሁት። አልደረሰም። ድጋሚ ሞላሁ፤ አሁንም የለም። ድረ ገጹ ያለው አሮጌው ሰርቨር ላይ ነው። አሮጌው ሰርቨር የድርጅቱ ደብዳቤ አሁንም የእሱ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ የዓለምን መዝገብ ሳይጠይቅ በጓሮ በር ለራሱ ያደርሰዋል። በሲፓነል ውስጥ «የዚህ ዶሜይን ኢሜይል ሌላ ቦታ ነው» የምትል አንዲት ምርጫ አለች፤ እሷን ስንነካ ተፈታ። ከድረ ገጹ የሚመጡት ጥያቄዎች እንደ አዲስ እንግዳ ናቸው፤ ሳይመለስላቸው ከቀረ ወደ ቀጣዩ ድርጅት ነው የሚያልፉት፤ ማለፋቸውንም ማንም አይነግራችሁም። የሚዛወር ሰው ይህችን ሳይፈትሽ እንዳይተኛ።

ወደ ደመናው ጥያቄ ልመለስ። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። «ኔትወርክ ከሌለ ደመናው ምን ይሠራልኛል?» ነው የአጎቴ ጥያቄ። ኢሜይል ትዕግሥተኛ ነገር ነው። የላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ካጣ ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ አራት አምስት ቀን ያህል ደጋግሞ ያንኳኳል፤ ከዚያ ለላኪው ይመልሳል። ሰርቨሩ ቢሯችሁ ውስጥ ከሆነ በአምስተኛው ቀን ዓለም ሁሉ ደብዳቤው እየተመለሰለት ጠፋችሁ ይላል። ክላውድ ላይ ከሆነ ግን እኛ ባንደርስበትም ደብዳቤው ገብቶ ይጠብቃል። ከዚያም በላይ፣ ሜሪላንድ ያለችው ልጅ አስተዳዳሪ ስለሆነች ለሁሉም «ደብዳቤዎ ደርሷል፣ በአገሪቱ ኢንተርኔት ስለተቋረጠ መልስ ይዘገያል» የሚል መልስ ማስገባት ትችላለች። አጎቴን ያሳመነው ይኼ ብቻ ነው።

መረጃችንን ለምን ለፈረንጅ ኩባንያ እንሰጣለን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸውን አከብራለሁ፤ የአገር ውስጥ አማራጭ አስተማማኝ ሆኖ ቢገኝ ነገ ብንመለስ ደስ ይለኛል። ግን በያሁ አድራሻ የመንግሥት ጨረታ ሲወዳደር የኖረ ሰው ዛሬ ስለ መረጃ ሉዓላዊነት ሲሰብከኝ ትንሽ ይከብደኛል። ሌሎች ደግሞ «ኢሜይል ምን ያደርጋል፣ በቴሌግራም ይጨረሳል» ይላሉ። ይህን ራሱ የምጽፈው ቴሌግራም ላይ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የቴሌግራም አካውንት የሰው ስልክ ቁጥር ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ የድርጅቱ ወሬ ሁሉ በኪሱ ይዞት ይሄዳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ክርክር ቢመጣ ሞልቶ የጠፋ ስልክ ከሚፈለግ በድርጅቱ ስም የተቀመጠ ደብዳቤ ቢኖር ይሻላል።

የቀረን ነገር አለ። አሮጌውን ሆስቲንግ ገና አልዘጋነውም፤ ድረ ገጹ እዚያ ነውና። ዲማርክ የሚባለው፣ በስማችን የሚጻፍን የውሸት ደብዳቤ የሚያስጥለው መቆጣጠሪያ፣ ለአሁኑ ሪፖርት ብቻ እንዲልክ ተደርጓል፤ ሪፖርቱ ንጹሕ ከሆነ እናጠብቀዋለን። የሙኒኩ ሰውዬ ለጥምቀት አራት ሆኖ ይመጣል። መልሱ ደርሶት እንደሆነ እትዬ ደውላ አረጋግጣለች፤ ከዚያም አትማ ቦክስ ፋይሉ ውስጥ አስገብታዋለች።